ከማጋራት በፊት ማጣራት

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅት በማኅበራዊ ሚዲያ በሚሰራጭ ሐሰተኛ መረጃ ላይ የሚያተኩር ሲሆን፣ እንዲህ ያለው መረጃ ከየት እንደሚነሣ፣ ለምን በቀላሉ እንደሚታመንና ከእጅ ስልኩ ሌላ ልዩ መሣሪያ የሌለው ሰው እንዴት ሊያጣራው እንደሚችል በቅደም ተከተል ይቀርብበታል። የዝግጅቱ ፍሬ ነገር ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ዜናን ለብዙ ሕዝብ የማሰማት ዕድል በአዋጅ ነጋሪ፣ በጋዜጣ ዝግጅት ክፍልና በሬዲዮ ጣቢያ እጅ በነበረበት ዘመን የማጣራቱም ግዴታ በእነዚሁ ላይ ያረፈ ነበር፤ ዛሬ ግን ስልክ የያዘ ሁሉ አሰራጭ ስለሆነ፣ የማሰራጨቱ ዕድል ወደ እያንዳንዱ ተጠቃሚ በተላለፈበት መጠን የማጣራቱም ግዴታ አብሮት ተላልፏል።

ወደ ዝርዝሩ ከመገባቱ በፊት በዝግጅቱ ውስጥ ተደጋግመው የሚነሡ ጥቂት ጽንሰ ሐሳቦችን ማብራራት ያስፈልጋል። ሒሳዊ አስተሳሰብ ማለት አንድን አባባል ከመቀበል ወይም ከመጣል በፊት የቆመበትን ማስረጃ መመርመር፣ የተናጋሪውን ዕውቀትና ፍላጎት ማገናዘብ፣ ለነገሩ ሌላ ማብራሪያ ሊኖረው ይችል እንደሆነ መጠየቅ፣ በመጨረሻም እምነትን በማስረጃው ክብደት ልክ መስጠት ነው። በዚህ ትርጓሜ መሠረት ሒሳዊ አስተሳሰብ ሁሉን ከመጠራጠር ፈጽሞ የተለየ ነው፤ ሁሉን የሚጠራጠር ሰው ሁሉን ከሚያምን ሰው ያነሰ አይታለልም፣ ሁለቱም መመርመርን ትተዋልና። «ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት» የሚለው የአበው ምክርም የሚያሳስበው የሰሙትን በራስ አእምሮ መመዘን እንደሚገባ እንጂ ጆሮን ስለ መድፈን አይደለም።

የመረጃ መዛባትን የሚያጠኑ ምሁራንም ጉዳዩን በሦስት ይከፍሉታል። ክሌር ዋርድልና ሆሴን ደራክሻን የተባሉ አጥኚዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ለአውሮፓ ምክር ቤት ባዘጋጁት ጽሑፍ እንዳስቀመጡት፣ የመጀመሪያው ዓይነት የሚያሰራጨው ሰው እውነት መስሎት የሚያስተላልፈው የተሳሳተ መረጃ ነው፤ ሁለተኛው ሐሰትነቱ እየታወቀ ሰውን ለመጉዳት፣ ለማሳሳት ወይም ገንዘብ ለማግኘት ሆን ተብሎ የሚፈበረክ ሐሰተኛ መረጃ ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ ይዘቱ እውነት ሆኖ ሳለ ጉዳት ለማድረስ ተብሎ ከተገቢው ቦታ ወጥቶ የሚሰራጭ ጎጂ መረጃ ሲሆን፣ የሰውን የግል ምስጢር አደባባይ ማውጣት ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ይህ ክፍፍል የሚጠቅመው የጥፋቱን ሰንሰለት ስለሚያሳይ ነው፤ አንድ ውሸት በአንድ ተንኮለኛ እጅ ሊፈጠር ይችላል፣ ወደ ሚሊዮኖች የሚያደርሱት ግን ክፉ ሐሳብ የሌላቸው፣ እንዲያውም ወገንን ለማስጠንቀቅ የሚቸኩሉ ቅን ሰዎች ናቸው።

ሐሰተኛ ወሬ ከስልክ ጋር የመጣ አዲስ ነገር እንዳልሆነ የኢትዮጵያ ታሪክም ይመሰክራል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ሞታቸው በይፋ ሳይነገር ለረጅም ጊዜ ተደብቆ የቆየ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት በነበሩት የሕመማቸው ዓመታትም የንጉሠ ነገሥቱን መኖርና አለመኖር የሚመለከት ጭምጭምታ አልተቋረጠም ነበር። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ዛሬም ይሠራል፤ ኃላፊነት ያለበት አካል ዝም ባለበት ጉዳይ ላይ ሕዝብ ዝም ብሎ አይጠብቅም፣ ባዶውን ቦታ በግምት ይሞላዋል፣ ግምቱም ሲደጋገም እንደ ዜና መቆጠር ይጀምራል።

ወሬ ሕይወት የሚያጠፋበት አጋጣሚም አለ። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. በምዕራብ ጎጃም ዞን ለምርምር ሥራ የሄዱ ሁለት ተመራማሪዎች «ሕፃናትን ሊመርዙ ነው የመጡት» በሚል ወሬ በተቆጣ ሕዝብ ተገድለዋል። የሰዎቹን ማንነት ከወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ወይም ከላካቸው ተቋም ጠይቆ መረዳት ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ለልጆቹ ከሚፈራ ወላጅ ልብ የሚመነጭ ስሜት ለጥያቄ ጊዜ አልሰጠም። ማኅበራዊ ሚዲያ የጨመረው አዲስ ነገር ፍጥነት፣ ስፋትና ምስል ነው፤ በአንድ ቀበሌ ተጀምሮ እዚያው ይቀር የነበረ ወሬ ዛሬ በደቂቃዎች ውስጥ አገር አቋርጦ ይሄዳል፣ ለዓይን የሚታይ ቪዲዮ ስለሚታከልበትም «በዓይኔ ያየሁት ነው» የሚያሰኝ ኃይል ያገኛል።

ይህን አዲስ ኃይል በቅርበት ለማየት እ.ኤ.አ. በ2018 በሕንድ የደረሰው ጥፋት እጅግ አስተማሪ ነው። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በፓኪስታኗ የካራቺ ከተማ ስለ ጠፉ ሕፃናት የሚሠራው ሮሽኒ ሄልፕላይን የተባለ የበጎ አድራጎት ድርጅት ወላጆችን ለማስጠንቀቅ አንድ አጭር ፊልም አሠርቶ ነበር። ፊልሙ ከላይ ከተሰቀለ የጥበቃ ካሜራ የተወሰደ መስሎ የተቀረጸ ሲሆን፣ ሕፃናት በመንገድ ላይ ሲጫወቱ ሁለት ሰዎች በሞተር ብስክሌት ይመጣሉ፣ አንዱን ልጅ አፈፍ አድርገው ይዘው ይሄዳሉ፣ የቀሩት ልጆችም እየጮኹ ይከተሏቸዋል። ጥቂት ቆይተው ግን ሞተረኞቹ ተመልሰው ልጁን በሰላም ያወርዱትና በካራቺ ጎዳናዎች ልጅ ለመስረቅ አንድ አፍታ ብቻ እንደሚበቃ የሚያሳስብ ጽሑፍ ወደ ካሜራው ዘርግተው ያሳያሉ። የፊልሙ ቁም ነገር ያለው በዚህ መጨረሻ ላይ ነበር።

ወደ ሕንድ የዋትስአፕ ተጠቃሚዎች የደረሰው ቅጂ ግን ልጁ የሚመለስበትና ጽሑፉ የሚታይበት መጨረሻ ተቆርጦ የወጣለት ነበር። በቪዲዮው ውስጥ የተጨመረ ሐሰተኛ ምስል የለም፤ የተለወጠ ድምፅም የለም፤ ጥቂት ሰከንዶች መቆረጣቸውና «ልጅ ሰራቂዎች ወደ አካባቢያችን ገብተዋል፣ ተጠንቀቁ» የሚል ማስጠንቀቂያ መታከሉ ብቻ የትምህርት ፊልሙን የወንጀል ማስረጃ አስመሰለው። በዚያው ዓመት በተለያዩ የሕንድ ግዛቶች በተነዛው የልጅ ሰራቂዎች ወሬ ከ20 በላይ ሰዎች በመንጋ ፍርድ የተገደሉ ሲሆን፣ ጁላይ 1 ቀን በማሃራሽትራ ግዛት ራይንፓዳ በተባለች መንደር ብቻ አምስት መንገደኞች ተደብድበው ሞተዋል። ሟቾቹ ከቦታ ቦታ እየተዘዋወሩ የሚለምኑ ድሆች ነበሩ። መልእክቱን ካስተላለፉት ሰዎች መካከል አብዛኞቹ ልጆችን ከአደጋ የሚጠብቁ መስሏቸው እንደነበር መገመት አያዳግትም፤ ቅን ልብ ብቻውን በቂ እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ማስረጃ አይገኝም።

የዋትስአፕ ኩባንያ ከዚህ ጥፋት በኋላ የተላለፈ መልእክት የተላለፈ መሆኑን የሚገልጽ ምልክት እንዲወጣበት አደረገ፣ በሕንድም አንድ ሰው አንድን መልእክት በአንድ ጊዜ ሊያስተላልፍ የሚችልበትን የንግግር መስመር ቁጥር ወደ 5 ዝቅ አደረገ፤ ይህ ገደብ እ.ኤ.አ. በጥር 2019 በመላው ዓለም ተግባራዊ የሆነ ሲሆን፣ በሚያዝያ 2020 ደግሞ ብዙ ጊዜ የተላለፈ መልእክት በአንድ ጊዜ ለአንድ መስመር ብቻ እንዲላክ ተወሰነ። ኩባንያው ከዚህ የመጨረሻ እርምጃ በኋላ ብዙ ጊዜ የሚተላለፉ መልእክቶች በ70 በመቶ መቀነሳቸውን አስታውቋል። መልእክቶቹን ማንም አልሰረዛቸውም፤ ማስተላለፉ ትንሽ ተጨማሪ ድካም እንዲጠይቅ መደረጉ ብቻ ይህን ያህል ለውጥ ማምጣቱ፣ አብዛኛው ማጋራት ያለ ሐሳብ በጣት ልማድ የሚፈጸም መሆኑን ያመለክታል።

ውሸት ከእውነት ይልቅ ለምን እንደሚፈጥን የሚያስረዳ ሳይንሳዊ ጥናትም አለ። የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች ሶሮሽ ቮሱጊ፣ ዴብ ሮይና ሲናን አራል እ.ኤ.አ. በ2018 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ ከ2006 እስከ 2017 በትዊተር የተሰራጩ 126,000 ያህል የወሬ ሰንሰለቶችን መርምረዋል። ውጤቱም ሐሰተኛ ዜና ዳግም የመጋራት ዕድሉ ከእውነተኛው በ70 በመቶ እንደሚበልጥና እውነተኛው ዜና 1,500 ሰዎች ዘንድ ለመድረስ ከሐሰተኛው ስድስት እጥፍ ያህል ጊዜ እንደሚፈጅበት አሳይቷል። ተመራማሪዎቹ ያለ ሰው በራሳቸው የሚሠሩ የኮምፒውተር አካውንቶችን ለይተው ካወጡ በኋላም ልዩነቱ ስላልጠፋ፣ ለሐሰቱ መፍጠን ዋና ምክንያቶቹ ሰዎች መሆናቸውን ደምድመዋል። ሐሰተኛው ዜና ለሰሚው አዲስና አስገራሚ ይሆናል፤ እውነት ግን በተፈጸመው ነገር የታሰረች በመሆኗ ሰሚን ለማስደነቅ ተብላ ልትቀባባ አትችልም።

የሰው አእምሮ አሠራርም ለሐሰት በር የሚከፍትበት መንገድ አለው። እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፒተር ዌሰን እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው ሙከራ ለተሳታፊዎቹ 2፣ 4፣ 6 የሚሉ ሦስት ቁጥሮችን ሰጥቶ፣ ቁጥሮቹ የተደረደሩበትን ሕግ እንዲያገኙና ለዚህም የራሳቸውን ሦስት ሦስት ቁጥሮች እያቀረቡ ከሕጉ ጋር መስማማታቸውን እንዲጠይቁ አደረገ። አብዛኞቹ «ሁለት ሁለት እየጨመረ የሚሄድ ነው» ብለው ስላሰቡ 8፣ 10፣ 12 ወይም 20፣ 22፣ 24 እያሉ ግምታቸውን የሚደግፉ ቁጥሮችን ብቻ አቀረቡ፤ መልሱ ሁልጊዜ «ይስማማል» የሚል በመሆኑም ግምታቸው ትክክል መሰላቸው። ትክክለኛው ሕግ ግን ቁጥሮቹ ከትንሽ ወደ ትልቅ መሄዳቸው ብቻ ነበር፤ ይህን ለማወቅ 1፣ 2፣ 9ን የመሰለ፣ የራስን ግምት ሊያፈርስ የሚችል ሙከራ ማቅረብ በቂ ነበር። ሰው አስቀድሞ ያመነበትን የሚደግፍ ማስረጃ ብቻ የመፈለግ ጠባዩ የማረጋገጫ አድልዎ ይባላል። በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ይህ ጠባይ ተጠቃሚው የማይወደውን ወገን የሚያጥላላ ዜና ሲያይ ያለ ምርመራ እንዲቀበል፣ የሚወደውን የሚነቅፍ ሲያይ ደግሞ ምንጭ፣ ቀንና ማስረጃ አጥብቆ እንዲጠይቅ ያደርገዋል። ስለዚህ ሒሳዊ አስተሳሰብ በእርግጥ የሚፈተነው ባላንጣን በሚነቅፈው ዜና ላይ ነው።

ሁለተኛው የአእምሮ ጠባይ ከመደጋገም ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ሊን ሃሸርና ባልደረቦቿ ያደረጉት ጥናት ሰዎች ደጋግመው የሰሙትን አባባል፣ እውነት ይሁን ሐሰት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰሙት የበለጠ እውነት አድርገው እንደሚቆጥሩት አረጋግጧል። በስልክ ዘመን ይህ ጠባይ የበለጠ አደገኛ ይሆናል፤ አንድ ያልተጣራ ወሬ በቤተሰብ ግሩፕ፣ በዕድር ግሩፕ፣ በሥራ ባልደረቦች ቻናልና በማኅበረ ምእመናን ገጽ ላይ በአንድ ቀን አራት ጊዜ ሲታይ አራት ምስክር ያለው ይመስላል፣ በእርግጥ ግን አራቱም ቦታ የደረሰው ከአንድ ምንጭ ሊሆን ይችላል። የመልእክቶች ብዛት የምስክሮች ብዛት ማለት አይደለም።

በዚህ ላይ የማኅበራዊ ሚዲያ ድርጅቶች አሠራር ይጨመራል። አልጎሪዝም የሚባለው ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የትኛው ጽሑፍ ቀድሞ እንደሚታይ የሚወስነው የኮምፒውተር ስሌት ሲሆን፣ ድርጅቶቹ ገቢያቸውን የሚያገኙት ከማስታወቂያ በመሆኑ ስሌቱ ሰውን በገጹ ላይ የሚያቆየውን ነገር ያስቀድማል። ከፌስቡክ ውስጥ የወጡ ሰነዶችን መሠረት አድርገው የቀረቡ ዘገባዎች እንደገለጹት፣ ድርጅቱ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ለተወሰነ ጊዜ የቁጣውን ምልክት ጨምሮ ለስሜት መግለጫ ምልክቶች ከተራ ላይክ አምስት እጥፍ ክብደት ይሰጥ ነበር፤ ይህም የሚያስቆጣ ጽሑፍ ወደ ላይ እንዲወጣ የሚያግዝ ነበር። ሰነዶቹን ያወጣችው የቀድሞ የድርጅቱ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሃውገን በኦክቶበር 2021 ለአሜሪካ ሴኔት በሰጠችው ምስክርነት ኢትዮጵያን በስም አንሥታ፣ ከእንግሊዝኛ ውጭ ባሉ ቋንቋዎች የሚደረገው ቁጥጥር ደካማ መሆኑን አስረድታለች። ይህ እውነታ ለአማርኛ ተጠቃሚ ግልጽ ትርጉም አለው፤ በእንግሊዝኛ ቢጻፍ ሊነሣ የሚችል ጎጂ ጽሑፍ በአማርኛ ሳይነካ ሊቆይ ስለሚችል፣ የአንባቢው ጥንቃቄ የድርጅቱን ጉድለት ማካካስ ይኖርበታል።

ከዚህ በላይ የቀረበው የችግሩ ምንነት ሲሆን፣ ቀጥሎ የሚቀርበው ማንም ሰው ሊጠቀምበት የሚችል የማጣሪያ ሥርዓት ነው። ሥርዓቱ አራት ደረጃዎች አሉት፤ እነሱም ቆም ማለት፣ ምንጩን መመርመር፣ ሌሎች ምን እንዳሉ ማየትና የመጀመሪያውን ቅጂ መፈለግ ናቸው። ማይክ ኮልፊልድ የተባለ አሜሪካዊ መምህር ለተማሪዎች ያዘጋጀው ይህ አካሄድ በብዙ ትምህርት ቤቶች የሚሠራበት ሲሆን፣ ለአማርኛ ተጠቃሚ በሚስማማ መልኩ እንደሚከተለው ይብራራል።

የመጀመሪያው ደረጃ ቆም ማለት ነው። አንድ መልእክት ቁጣን፣ ፍርሃትን ወይም ከልክ ያለፈ ደስታን ሲያስነሣ፣ ስሜቱ ራሱ የማስጠንቀቂያ ደወል ሆኖ መቆጠር አለበት፤ «ሳይጠፋ ቶሎ አስተላልፉ» የሚል መልእክትም ጊዜ የሚነሣው ሆን ብሎ ነው። ጎርደን ፔኒኩክ፣ ዴቪድ ራንድና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2021 ኔቸር በተባለው መጽሔት ባሳተሙት ጥናት እንዳመለከቱት፣ ብዙ ሰዎች ስለ ትክክለኛነት ቢጠየቁ እውነቱን ከሐሰቱ የመለየት ችሎታ እያላቸው፣ በሚያጋሩበት ቅጽበት ግን ሐሳባቸው ሌላ ነገር ላይ ይሆናል፤ «ይህ እውነት ይሆን?» ብሎ ራስን መጠየቅ ብቻውን የሚያጋሩትን ነገር ጥራት ያሻሽላል።

ሁለተኛው ደረጃ ምንጩን መመርመር ነው። ሳም ዋይንበርግና ሳራ ማክግሩ የተባሉ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 10 የታሪክ ምሁራንን፣ 10 በመረጃ ማጣራት ሙያ የተሰማሩ ባለሙያዎችንና 25 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን አወዳድረው ነበር። ምሁራኑና ተማሪዎቹ በአብዛኛው የቀረበላቸውን ድረ ገጽ ከላይ እስከ ታች እያነበቡ በመልኩ፣ በአርማውና በአጻጻፉ ለመፍረድ ሲሞክሩ፣ አጣሪዎቹ ግን ገጹን ወዲያው ትተው ስለ ገጹ ባለቤት ሌሎች ምን እንደሚሉ ፈለጉ፤ በዚህም በአጭር ጊዜ ትክክለኛ ፍርድ ላይ ደረሱ። የጎንዮሽ ንባብ የሚባለው ይህ ዘዴ ዋና ቁልፉ ገጹ ስለ ራሱ የሚናገረውን አለማመን ነው። በተግባርም አንድ ሰው በታወቀ ባንክ፣ በመሥሪያ ቤት ወይም በቴሌቪዥን ጣቢያ ስም የተከፈተ የቴሌግራም ቻናል ሲያጋጥመው፣ በቻናሉ ላይ ያለውን አርማ ከማየት ይልቅ የተቋሙን ትክክለኛ ድረ ገጽ ከፍቶ ከዚያ የሚመራውን ማስፈንጠሪያ መከተል፣ የአካውንቱን ስም ፊደል በፊደል ማነጻጸርና ገጹ መቼ እንደተከፈተ ማየት ይገባዋል። የማረጋገጫ ምልክት እንኳ ሙሉ ዋስትና አይሆንም፤ ትዊተር ሰማያዊውን ምልክት በክፍያ መስጠት በጀመረበት በኖቬምበር 2022፣ ኤሊ ሊሊ በተባለው የመድኃኒት አምራች ስም የተከፈተ ሐሰተኛ አካውንት ምልክቱን ይዞ ኢንሱሊን በነጻ እንደሚሰጥ በማወጁ ኩባንያው ይቅርታ ለመጠየቅና ለማስተባበል ተገድዷል።

ባለቤት የሌለው ወሬም በዚህ ደረጃ ይለያል። «የውስጥ አዋቂዎች እንዳረጋገጡት»፣ «ከታማኝ ምንጭ እንደተሰማ» ወይም «አንድ ታዋቂ ሐኪም እንደተናገሩት» በሚል የሚጀምር መልእክት ማን፣ መቼና የት እንደተናገረ ካልገለጸ፣ ሊጠየቅ የሚችል ሰው ስለሌለው ገና ማስረጃ ሊባል አይችልም። በዚህ ጊዜ ላኪውን በአክብሮት «ይህን ከየት አገኙት?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ላኪው የሥጋ ዘመድ ወይም የተከበረ ሰው መሆኑ መልእክቱን ከፈጠረው ሰው ጋር አንድ አያደርገውም።

ሦስተኛው ደረጃ ሌሎች ምን እንዳሉ ማየት ነው። ትልቅ ነገር ተፈጽሞ ከሆነ አንድ ገጽ ብቻውን አይዘግበውም፤ እርስ በርስ የማይገለባበጡ፣ የተለያየ አቋም ያላቸው የዜና ተቋማት ስለ ጉዳዩ ተመሳሳይ መሠረታዊ ነጥብ መዘገባቸው ክብደት ይሰጠዋል። በኢትዮጵያ እንደ ሐቅቼክና ኢትዮጵያ ቼክ ያሉ የመረጃ አጣሪ ተቋማት በአማርኛም የሚሠሩ በመሆናቸው የሰፊ ክርክር ምክንያት የሆኑ ምስሎችና አባባሎች ተጣርተው እንደሆነ እዚያ መፈለግ ይቻላል። በውጭ አገር የሚኖሩ የአማርኛ ተናጋሪዎች ደግሞ ልዩ አቅም አላቸው፤ በዋሽንግተን፣ በቴል አቪቭ ወይም በዱባይ ሆኖ ስለ ትውልድ ቀዬው የሚያስደነግጥ ወሬ ያየ ሰው፣ ከማስተላለፉ በፊት በቦታው ለሚኖር ዘመዱ ደውሎ መጠየቅ ይችላል፤ አንድ የስልክ ጥሪ ከመቶ ማጋራት ይልቅ ለወገን ይጠቅማል።

አራተኛው ደረጃ የመጀመሪያውን ቅጂ መፈለግ ነው። ፎቶግራፍ ከሆነ ጉግል ሌንስ ወይም ቲንአይ በተባሉት የምስል መፈለጊያዎች ላይ በማስገባት ምስሉ ቀደም ሲል የት እንደወጣ ማየት ይቻላል፤ ቪዲዮ ከሆነም ግልጽ የሆነ አንድ ትዕይንት ላይ አቁሞ፣ የስክሪን ቅጂ ወስዶ በዚያው መንገድ መፈለግ ይሠራል። የካራቺው ፊልም በዚህ መንገድ ቢፈለግ ኖሮ ሙሉ ቅጂው በተገኘ፣ የተቆረጠው መጨረሻም በታየ ነበር። በየግጭቱና በየአደጋው ጊዜ ከሚሰራጩት አሳሳች ምስሎች ብዙዎቹ ራሳቸው እውነተኛ ፎቶግራፎች ሲሆኑ፣ የተነሡበት አገርና ዓመት ግን ሌላ ነው። የተባለው ቦታ መሆኑን ለማረጋገጥ የሱቅ ማስታወቂያ ጽሑፎችን፣ የመኪና ሰሌዳዎችን፣ የፖሊስ ልብስን፣ የተራራውንና የሕንፃውን ቅርጽ ማየት ብዙ ነገር ይገልጣል።

ለአማርኛ አንባቢ በዚህ ደረጃ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ይህም የዘመንና የሰዓት አቆጣጠር ነው። በአንድ ጽሑፍ ላይ «በ2012» ተብሎ ቢገኝ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2019 እስከ ሴፕቴምበር 2020 ያለውን ጊዜ ሲያመለክት፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ከሆነ ግን 2004 እና 2005 ዓ.ም.ን ያመለክታል፤ በዚህ ምክንያት የብዙ ዓመት ዕድሜ ያለው ሰነድ የቅርብ ጊዜ መስሎ ሊቀርብ ይችላል። በሰዓትም ረገድ፣ በእንግሊዝኛ ከቀትር በኋላ 3 ሰዓት የተባለው በኢትዮጵያ ከቀኑ 9 ሰዓት ሲሆን፣ ሳይለወጥ በቀጥታ ሲተረጎም ድርጊቱ በሌላ ጊዜ የተፈጸመ ያስመስለዋል። ትርጉም ሲያጋጥምም የውጭ አገር ባለሥልጣን ተናገሩት የተባለውን ከመድገም በፊት፣ የንግግሩን ሙሉ ቪዲዮ ወይም ጽሑፍ ማግኘት ወይም ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው መጠየቅ ያስፈልጋል።

በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚፈጠሩ ምስሎችና ድምፆች ጉዳዩን አክብደውታል። ዲፕፌክ የሚባለው የአንድን ሰው ፊት ወይም ድምፅ አስመስሎ ያላለውን እንዳለ አድርጎ የሚያቀርብ በኮምፒውተር የተሠራ ቪዲዮ ወይም ድምፅ ነው። በማርች 2022 የዩክሬኑ ፕሬዚዳንት ቮሎዲሚር ዘለንስኪ ወታደሮቻቸውን መሣሪያ እንዲያስቀምጡ ሲያዙ የሚያሳይ እንዲህ ያለ ቪዲዮ የተሰራጨ ሲሆን፣ ፕሬዚዳንቱ ወዲያው በራሳቸው ገጽ ቀርበው ስላስተባበሉትና የአሠራሩም ጥራት ዝቅተኛ ስለነበረ ብዙ ጉዳት ሳያደርስ ቀርቷል። ጥራቱ ከዚያ ወዲህ በእጅጉ ስለ ተሻሻለ ግን ጣቶችን መቁጠርና የከንፈርን እንቅስቃሴ መከታተል ብቻውን አስተማማኝ አይደለም፤ ዘላቂው መከላከያ ምስሉ ምን ያህል እውነተኛ ይመስላል ከሚለው ይልቅ ከማን መጣ፣ ሌላስ ማን አረጋገጠው የሚለው ጥያቄ ነው። ከዚህ ጎን ለጎን የሚመጣ ሌላ አደጋም አለ፤ ሐሰተኛ ቪዲዮ መሥራት እንደሚቻል ከታወቀ ወዲህ በእርግጥ ጥፋት የፈጸመ ሰው እውነተኛውን ማስረጃ «በኮምፒውተር የተሠራ ነው» ብሎ ሊክድ ይችላል። ሁሉን መጠራጠር ከሐሰት ጠበቃነት የሚቆጠረው በዚህ ምክንያት ነው።

ብዙ ሰው የሚያቀርበው አንድ መከራከሪያም መልስ ይሻል፤ ይኸውም «እውነት ከሆነ ይጠቅማል፣ ባይሆንም አይጎዳም» የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2014 በናይጄሪያ የኢቦላ ሥጋት በነበረበት ወቅት፣ የጨው ውኃ መጠጣትና በጨው ውኃ መታጠብ ከበሽታው እንደሚያድን የሚናገር መልእክት በስልክና በማኅበራዊ ሚዲያ ተሰራጨ። ጨው በየቤቱ የሚገኝ ነገር በመሆኑ ምክሩ ጉዳት የለሽ ይመስል ነበር፤ ሆኖም ከመጠን በላይ የጠጡ ቢያንስ ሁለት ሰዎች መሞታቸውና ሌሎች ሆስፒታል መግባታቸው በወቅቱ ተዘግቧል፣ የዓለም ጤና ድርጅትም ምክሩ ሐሰት መሆኑን ለማሳወቅ ተገድዷል። ስለ ጤና የሚነገር ያልተጣራ ምክር፣ ሕመምተኛውን ከሐኪም የሚያዘገይ ከሆነም፣ በቀጥታ ባይመርዝ እንኳ ይጎዳል።

ሕግም በጉዳዩ ላይ ድርሻ አለው። በኢትዮጵያ የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰትነቱን እያወቀ ወይም ማወቅ ሲገባው ሁከት ሊያስነሣ የሚችል መረጃ የሚያሰራጭን ሰው የሚቀጣ ሲሆን፣ ከ5,000 በላይ ተከታዮች ባሉት የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ለተፈጸመው ቅጣቱን ያከብዳል። የመብት ተሟጋቾች የአዋጁ ትርጓሜዎች ሰፊ ናቸው፣ ሐሳብን የመግለጽ ነጻነትን ሊያጠብቡ ይችላሉ በማለት ሥጋታቸውን ገልጸዋል። ክርክሩ እንዳለ ሆኖ፣ ሕግ የሚደርሰው ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ በመሆኑና የመንግሥት ቁጥጥርም በየሰዉ ስልክ ውስጥ ገብቶ ሊያጣራ ስለማይችልና ስለማይገባው፣ ከሕግ በፊት የሚቀድመው ትምህርት ነው። መምህራን በአማርኛና በሥነ ዜጋ ክፍለ ጊዜ አንድ የተሰራጨ መልእክት ይዘው ተማሪዎቻቸው በአራቱ ደረጃዎች እንዲመረምሩት ቢያደርጉ፣ ከብዙ ምክር የበለጠ ውጤት ይገኛል። መሥሪያ ቤቶችም በአስቸኳይ ጊዜ ፈጥነው የሚያውቁትን ከተናገሩና የማያውቁትን አላወቅንም ካሉ፣ ለወሬ የሚተርፈው ቦታ ይጠባል።

ስሕተትን የማረም ባህልም ከዚሁ ጋር መታሰብ አለበት። በቤተሰብ ግሩፕ ውስጥ ሐሰተኛ መልእክት የላኩት አባት፣ እናት ወይም ታላቅ ዘመድ ሲሆኑ በሰው ፊት ማሳፈር ሰውየውን ወደ እልህ ሊገፋ ስለሚችል፣ በግል መስመር «ጋሼ፣ ይህን አጣርቼ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት» ብሎ ማስረጃውን በትሕትና ማቅረብ ይሻላል። ራሱ ላኪው የተሳሳተ መሆኑን ሲረዳ ግን መልእክቱን አጥፍቶ ዝም ማለት አይበቃውም፤ «ከአፍ የወጣ አፋፍ» እንደሚባለው የወጣው ቃል ሌሎች ዘንድ ደርሷልና፣ በዚያው ግሩፕ ውስጥ፣ ለዚያው ሰው ሁሉ፣ ትክክለኛውን መረጃ ማስቀመጥ ይገባዋል።

ሐሰተኛ መረጃ የሚያደርሰው ጥፋት ከተንኮለኛው ፈብራኪ ይልቅ በቅኑ አጋሪ እጅ የሚሰፋ በመሆኑ፣ መፍትሔውም በዚሁ ሰው እጅ ይገኛል። በምንጩ፣ በቀኑና በቦታው ላይ እርግጠኛ ያልሆነ ሰው መልእክቱን አለማስተላለፍ ይችላል፤ ያልተላለፈ መልእክት የሚያስቀረው ጥቅም ቢኖር እንኳ ነገ ተጣርቶ ሊላክ ይችላል፣ በወሬ የጠፋ ሕይወት ግን አይመለስም። ስለዚህ እያንዳንዱ አድማጭ ከዛሬ ጀምሮ በስልኩ ላይ ለሚደርሰው ለእያንዳንዱ የሚያስደነግጥ መልእክት ማን አለው፣ መቼና የት ሆነ፣ ሌላስ ማን አረጋገጠው የሚሉትን ጥያቄዎች እንዲያቀርብና መልስ ያላገኘለትን ከማጋራት እንዲታቀብ ይህ ዝግጅት በአክብሮት ያሳስባል።